ካርቱም ለመግባት የሚጠየቁ ወረቀቶች ከየት መጡ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ የሱዳኑ ጦርነት ሳይጀመር፣ በሴሚስተር ዕረፍት አምስት መምህራን ሆነን ካርቱምን ልንጎበኝ ሄደን ነበር። ያረፍነው ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ነው። የማረፊያው ባለቤት ሻይ አቅርበው ገና ሳንጠጣ፣ «በሦስት ቀን ውስጥ ፖሊስ ዘንድ ተመዝገቡ» አሉን። ከመካከላችን አንዱ «ቪዛ ካለኝ ሌላ ምን ይፈልጋሉ?» ብሎ ችላ በማለቱ፣ በአራተኛው ቀን ሙዚየም ልናይበት ያሰብነው ግማሽ ቀን በአንድ መስኮት ፊት ቆመን አለቀ። ሆኖም በሰልፉ ላይ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ለመሆኑ መንገደኛን ወረቀት መጠየቅ ከመቼ ወዲህ የመጣ ነው?

ጥንት ከጎንደር በሰናር አድርጎ ወደ ግብፅ የሚወስደው መንገድ ቪዛ አያውቅም ነበር። የሚያውቀው የንጉሥ ደብዳቤና እጅ መንሻ ነው። እርሱም ቢሆን ሁልጊዜ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1705 ወደ ጎንደር ይጓዝ የነበረው የፈረንሳይ መልእክተኛ ዱ ሩል ሰናር ላይ ከነተከታዮቹ ተገደለ። ጄምስ ብሩስም ከጎንደር ሲመለስ፣ በ1772፣ በዚያው ከተማ ለወራት ከተጉላላ በኋላ ነው ያለፈው።

የሁለቱ አገሮች ድንበር በውል የተወሰነው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመው ስምምነት ነው። ዛሬ የምናውቀው ፓስፖርት ግን ከዚያም በኋላ የመጣ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥታት ሰላይ ፈርተው ያጠበቁትን ቁጥጥር ሰላም ሲወርድም አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1920 የመንግሥታት ማኅበር ፓሪስ ላይ የጠራው ጉባኤ ባለ 32 ገጹን ደብተር በናሙናነት አቀረበ። የሚገርመው፣ ጉባኤተኞቹ ቁጥጥሩ ውሎ አድሮ ይቀራል የሚል ተስፋ ነበራቸው።

ከሁሉ ይልቅ ለተማሪዎቻችን ልናስረዳ የሚገባን ቢጫውን ካርድ ነው። ብዙዎች ከንቱ ምልልስ አድርገው ይቆጥሩታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1940 በሱዳን የኑባ ተራሮች የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ፈጅቷል። ከ1960 እስከ 1962 ደግሞ በእኛው አገር፣ በኦሞ ሸለቆ አካባቢ፣ 30 ሺህ ያህል ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። ክትባቱ ከ1937 ጀምሮ የታወቀ ነበር፤ ለእነዚያ ገበሬዎች ግን በጊዜው አልደረሰላቸውም። ስለዚህ ካርዱን የሚጠይቀን ሠራተኛ እኛን ለማጉላላት ብቻ የቆመ አይደለም። የካርዱ ዘመን ቀድሞ 10 ዓመት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላልና አሮጌውን አትጣሉት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። በዚያን ሰሞን ለጉብኝት፣ ለሕክምና ወይም ለትምህርት ቪዛ ጠይቀው ፓስፖርታቸውን ለየኤምባሲው ያስረከቡ ሱዳናውያን ነበሩ። ዲፕሎማቶቹ በጥድፊያ ሲወጡ ደብተሮቹ በተዘጋ ቢሮ ቀሩ፤ በሌላ እጅ እንዳይወድቁ ተብሎ የተቀዳደዱም አሉ። ባለቤቶቹ ድንበር ሲደርሱ የሚያሳዩት አልነበራቸውም። የካርቱም ሁለቱ አስተናጋጃችንም በመተማ በኩል ነው የወጡት፤ በእጃቸው የነበረው መታወቂያና አንድ አሮጌ ቢጫ ካርድ ነበር።