የብሩክሊን ደጋፊዎችና ቡድናቸው

የድል ቀን ወዳጅ ብዙ ነው፤ የሽንፈት ቀን ወዳጅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ስጽፍ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ዐምና የትምህርት ቤታችን የእግር ኳስ ቡድን በተከታታይ አራት ጊዜ ሲሸነፍ፣ እኔ ራሴ «ጥናት አለብኝ» እያልሁ ከሜዳው ቀርቼ ነበር። ኋላም ከተጫዋቾቹ አንዱ፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ «ግድ የለም፤ ስናሸንፍ ትመጣለህ» ቢለኝ እጅግ አፈርሁ።

በዚያው ሰሞን የታሪክ መምህራችን የነገሥታትና የጦርነት ያልሆነ ታሪክ ፈልገን እንድንጽፍ አዘዙን። እኔም በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ የሚገኘውን የብሩክሊንን ሕዝብና ዶጀርስ የተባለውን የቤዝቦል ቡድኑን ታሪክ መረጥሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቤዝቦልን ጨዋታ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልናገር። በየወገኑ 9 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ኳስ ይወረውራል፤ የሌላው ወገን ተጫዋች በዱላ ይመታል። መቺውም በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ምልክቶች በሩጫ ዞሮ ወደ መነሻው ሲመለስ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይቈጠራል።

ብሩክሊን እስከ 1898 መባቻ ድረስ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች። ከዚያ በኋላ ግን ከኒው ዮርክ ጋር ስለ ተቀላቀለች የራሷ ከንቲባ ቀረ፤ ቡድኗ ግን ቀረላት። ከጣልያን፣ ከአየርላንድና ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሰው ሠራተኛ ሁሉ በቋንቋና በሃይማኖት ቢለያይም፣ በዚህ ቡድን ነገር «እኛ» ይል ነበር። ዶጀርስ የሚለውም ስም የመጣው በመንገድ ላይ የሚሮጠውን የኤሌክትሪክ ባቡር እየሸሸ ከሚያልፈው ከብሩክሊን እግረኛ ነው። ኤቤትስ ፊልድ የተባለው ሜዳቸው በ1913 ተከፈተ። ሜዳው ወደ 32,000 ያህል ሰው ብቻ የሚይዝ ስለ ነበረ፣ ተመልካቹ ከተጫዋቾቹ ጋር ፊት ለፊት ይተያይ ነበር። ሂልዳ ቼስተር የተባለች ሴት ትልቅ ቃጭል እየደወለች ቡድኑን ታበረታታ ነበር፤ ጥቂት ደጋፊዎችም ያልተቃና ዜማ የሚጫወት የሙዚቃ ጓድ አቋቁመው ሕዝቡን ያስቁ ነበር።

ይህ ሁሉ ፍቅር ግን ዋንጫ አላመጣም። ወርልድ ሲሪዝ በሚባለው የመጨረሻ ውድድር ቡድኑ በ1916 እና በ1920 ተሸነፈ። ከዚያም በ1941፣ በ1947፣ በ1949፣ በ1952 እና በ1953 በዚያው ከተማ በሚገኘው በያንኪስ ቡድን ድል ሆነ። 7 ጊዜ ደርሶ 7 ጊዜ ተመለሰ ማለት ነው። ሕዝቡም በየዓመቱ «ቈይ፤ ለከርሞ እናያለን!» እያለ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

በዚህ መካከል ከዋንጫ የሚበልጥ ነገር ተፈጸመ። ጥቁር አሜሪካውያን ከ60 ዓመት ያህል ጀምሮ ከታላላቆቹ የቤዝቦል ሊጎች ተከልክለው ነበር። የቡድኑ መሪ ብራንች ሪኪ ጃኪ ሮቢንሰንን መርጦ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ከ25,000 በላይ ሰው በተሰበሰበበት በኤቤትስ ፊልድ አሰለፈው። በሌሎች ከተሞች ብዙ ስድብና ዛቻ ደረሰበት፤ እርሱ ግን በትዕግሥት ተጫውቶ በዚያው ዓመት የአዲስ ተጫዋቾች ሽልማትን ተቀበለ። የብሩክሊን ነጭና ጥቁር ደጋፊ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ስለ አንድ ሰው እልል አለ። በዚያ ዓመት ሜዳውን የጐበኘው ሕዝብ ቍጥር ወደ 1,800,000 ደረሰ።

እኔን ከሁሉ የበለጠ የነካኝ ግን የጊል ሆጅስ ነገር ነው። ሆጅስ የኢንዲያና ክፍለ ሀገር ተወላጅ ሲሆን፣ የብሩክሊን ልጅ አግብቶ በዚያው የኖረ ዝምተኛ ሰው ነበረ። በ1952 ወርልድ ሲሪዝ በተቈጠሩለት 21 ሙከራዎች አንድም የተሳካ ምት አላገኘም፤ ቡድኑም ተሸነፈ። በሌላ አገር ቢሆን ተመልካቹ በፉጨትና በስድብ ባባረረው ነበር። የብሩክሊን ሰዎች ግን ዱላውን ይዞ በወጣ ቍጥር አጨበጨቡለት፤ የማበረታቻ ደብዳቤም ላኩለት። በ1953 የግንቦት ወር፣ በአንድ ሙቀት በበዛበት እሑድ፣ አባ ኸርበርት ሬድመንድ የተባሉ የካቶሊክ ቄስ ለስብከት ሙቀቱ እንደማይመች ገልጸው፣ ምእመናኑ ወደ ቤታቸው ሄደው ትእዛዛቱን እንዲጠብቁና ለጊል ሆጅስ እንዲጸልዩ አሰናበቷቸው። ሆጅስም ከዚያ በኋላ ኀይሉ ተመለሰለት።

ከዚህ ሁሉ መጠበቅ በኋላ ጥቅምት 4 ቀን 1955 ደረሰ። ብሩክሊንና ያንኪስ ሦስት ሦስት ጊዜ ተሸናንፈው ለሰባተኛው ጨዋታ በያንኪስ ሜዳ ተገናኙ። ጆኒ ፖድረስ የተባለው የ23 ዓመት ወጣት ኳሱን እየወረወረ ያንኪሶች አንድም ነጥብ እንዳያገኙ አደረገ። ኩባዊው ሳንዲ አሞሮስ ደግሞ በሩጫ ደርሶ ጨዋታውን ሊለውጥ የሚችል ኳስ ከዐጥሩ አጠገብ ቀለበ። ብሩክሊን 2 ለ 0 አሸነፈ። አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱንም ነጥቦች ያስገኘው ማን ይመስልሃል? ከሦስት ዓመት በፊት ሕዝቡ ያልጣለው ጊል ሆጅስ ነው።

ነገር ግን ደስታው ረዥም ዕድሜ አልነበረውም። የቡድኑ ባለቤት ዋልተር ኦማሊ ሜዳው አርጅቷል፣ መኪና ማቆሚያውም ጠባብ ነው ብሎ በብሩክሊን መካከል አዲስ ሜዳ ሊሠራ ቦታ ጠየቀ። የከተማው ሥራ ኀላፊ ሮበርት ሞዝስ ግን በሌላው ሰፈር በኩዊንስ ካልሆነ አይሆንም አለ። ብዙ ሰዎችም ወደ ከተማ ዳር እየፈለሱ፣ ጨዋታውንም በቴሌቪዥን እያዩ፣ የሜዳው ተመልካች ቀንሶ ነበር። መስከረም 24 ቀን 1957 የመጨረሻው ጨዋታ ሲደረግ የተገኘው 6,702 ሰው ብቻ ነበረ። በሚቀጥለው ወር ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ መሄዱ ተነገረ። በ1960 ኤቤትስ ፊልድ፣ የቤዝቦል ኳስ መስሎ በተቀባ የብረት ኳስ እየተመታ ፈረሰ፤ በስፍራውም የመኖሪያ ሕንፃዎች ተሠሩ።

ከጥፋተኛው ማን እንደሆነ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ አንዳንዱ ኦማሊን፣ አንዳንዱ ሞዝስን ይወቅሳል። እኔ ግን ከዚህ ታሪክ የተማርሁት ሌላ ነገር ነው። ደጋፊ ቲኬት ይገዛል እንጂ ቡድኑን አይገዛም። ፍቅሩ በወረቀት ያልተጻፈ ስለ ሆነ ፍርድ ቤት ቆሞ አይሟገትለትም። ታዲያ የብሩክሊን ሰዎች በከንቱ ወደዱ ማለት ነውን? አይደለም። ሆጅስ በ1972 ዐረፈ፤ ወዳጆቹ ግን ሳይታክቱ ስለ እርሱ ሲናገሩ ኖረው፣ በ2022 ስሙ ከታላላቆቹ ተጫዋቾች ጋር በክብር ቤቱ ተጻፈ። ሜዳውን ማፍረስ ተቻለ፤ ሰው ለሰው ያደረገውን ግን ማፍረስ አልተቻለም።

ይህን ጽሑፍ ከጨረስሁ በኋላ ወደ ሜዳችን ተመልሼ ቡድናችንን አየሁ። ያን ዕለትም ድል አልቀናንም። ወደ ቤቴ ስመለስ ታናሽ ወንድሜ «እንዴት ሆኑ?» ቢለኝ፣ «ተሸነፍን» ብዬ መለስሁለት። ዐምና ግን «ተሸነፉ» እል ነበር። እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዘንድሮ ተሰናብተን እንሄዳለን። እናንተ ታናናሾቻችን ግን በዝናቡም በፀሓዩም፣ በተለይም በሽንፈቱ ቀን፣ ከሜዳው ዳር እንዳትጠፉ አደራ እላችኋለሁ። ለከርሞ እናያለን!