አጣርድ ወደኋላ ሲሄድ

እንግዲህ ለተበላሸው ነገር ሁሉ ጥፋተኛ ተገኝቷል። ስልክ ወድቆ ሲሰበር፣ መልእክታችን ላልታሰበ ሰው ሲደርስ፣ ቀጠሮ ሲሰረዝ «ሜርኩሪ ሬትሮግሬድ ላይ ነው» እንባባላለን። ትርጉሙን ፈረንጆቹ ኮከብ ቆጣሪዎች ሰጥተውናል። ሜርኩሪ ለሮማውያን የንግድና የመልእክት አምላክ ስም ነበርና ንግግር፣ ጽሑፍ፣ ጉዞና ውል የእሱ ድርሻ ናቸው። ወደኋላ ሲሄድ እነዚህ ይደናቀፋሉ፤ ስለዚህ ውል አትፈርሙ፣ ስልክ አትግዙ፣ የጀመራችሁትን ከልሱ ይባላል።

ለመሆኑ የእኛዎቹ ቆጣሪዎችስ? ኮከቡን ያውቁታል፤ ከዐረብኛ በመጣ ስሙ አጣርድ ይሉታል። ሐመል፣ ጀውዛ፣ ሰንቡላ የሚሉት የዐውደ ነገሥት ስሞችም ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። ነገር ግን በዐውደ ነገሥት የሚቆጥር ሰው ቀና ብሎ ሰማይ ማየት አያስፈልገውም። የባለጉዳዩንና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ይደምራል፣ በ12 ይገድፋል፣ የተረፈው ቁጥር ኮከቡን ይነግረዋል። የእናት ስም ወደኋላ አይሄድምና በዚህ ስሌት ሬትሮግሬድ ቦታ የለውም።

ከመንገዱ የሳተ ኮከብ ወሬ ከፈለግን መጽሐፈ ሄኖክ አለልን። ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ነው። እዚያ ሄኖክ በተወሰነላቸው ጊዜ ስላልወጡ የታሰሩ ሰባት ከዋክብት ያያል። ልብ በሉ፤ ከሥርዓት በመውጣቱ የሚቀጣው ኮከቡ ራሱ ነው እንጂ እኛ አይደለንም! ይኸው መጽሐፍ ኮከብ ቆጠራን ለሰው ያስተማሩት የወደቁ መላእክት ናቸው ይላል።

ወደኋላ መሄዱስ እውነት ነው? መልሱን ራስ መኮንን ድልድይ ላይ እናገኘዋለን። በክረምት ደራሹን ውሃ ቁልቁል አፍጥጦ ያየ ሰው ድልድዩ ሽቅብ የሚሄድ ይመስለዋል። ድልድዩ ግን ንቅንቅ አላለም። አጣርድም እንዲሁ ነው። ፀሐይን በ88 ቀን ይዞራል፤ እኛ 365 ቀን ይፈጅብናል። በውስጠኛው መስመር ቀድሞን ሲያልፍ ከእኛ ሲታይ ወደኋላ የተመለሰ ይመስላል። የእስክንድርያው በጥሊሞስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን ለማስረዳት ክብ በክብ ላይ ደራርቦ ነበር። ኮፐርኒከስ በ1543 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፀሐይን መሐል ሲያስቀምጣት ነገሩ ቀለለ።

ይህ በዓመት ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ሲደመር ከአምስት ቀን አንዱ ማለት ነው። እንግዲህ ከአምስት መከራችን አንዱ እዚያ ላይ ቢወድቅ ምን ይገርማል?

ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ደግ ነበር። ችግሩ ሰው ያደረገውን ለኮከብ መስጠት ስንለምድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ብዙ ነዋሪ ከሰፈሩ ተነሣ። በአጣርድ ማሳበብ የሚፈልግ ቢኖር ቀኑ አይገጥምለትም። በዚያን ወቅት አጣርድ ወደኋላ የሄደው ከመጋቢት 23 እስከ ሚያዝያ 17 ነበር፤ ማፍረሱ የተጀመረው ገና ወደፊት ሲሄድ ነው። ውሳኔው የሰው ነበር። ሰው የወሰነውን ደግሞ መጠየቅ፣ መመዝገብ፣ ለልጆች መንገር ይቻላል። ኮከብን ማን ይጠይቃል?

ታዲያ ሬትሮግሬድ ሲመጣ ምን እናድርግ? ውሉን ሁለት ጊዜ እናንብብ፣ መልእክቱን ከመላካችን በፊት የተቀባዩን ስም እንይ፣ የተጣላነውን እንደውል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ለሦስት ሳምንት ብቻ መሆኑ ነው። በቀሩት ሳምንታትም ይሠራል።