ብርድ፣ ኮኬይን እና የጎረምሳ ደረት

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ «ጋሼ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የገባ የ15 ዓመት ልጅ ሲቀናለት ሕመሙን በምን እንያዘው?» አለኝ። መልሱ ስለረዘመ እዚህ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ነገሩ ከብርድ ይጀምራል። በ1807 የናፖሊዮን ሐኪም ላሬ በአይላው ጦር ሜዳ፣ ብርድ ያደነዘዛቸው ቁስለኞች እግራቸው ሲቆረጥ ብዙም እንደማይሰማቸው አስተዋለ። በ1884 ኮለር ቪየና ላይ ዓይንን በኮኬይን አደነዘዘ፤ አሜሪካዊው ሃልስተድ ወዲያው ያንኑ መድኃኒት ነርቭ አጠገብ ወጋ። ምስኪን፣ በራሱ ላይ ሲሞክር ሱስ ያዘው።

በ1987 ዶናልድ ነስ ቨርጂኒያ ውስጥ አጥንት ሳይቆርጥ ደረትን በብረት ከውስጥ መግፋት ጀመረ። ጠባሳው ትንሽ ነው፣ ሕመሙ ግን አይጣል! አጥንቱ የጠነከረ ጎረምሳ ላይማ ይብሳል። ለዓመታት ኢፒዱራልና ሞርፊን ነበር መድኃኒቱ። አሁን ብዙ ቦታ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉትን ነርቮች እዚያው ኦፕራሲዮኑ ላይ ከዜሮ በታች እስከ 60 ዲግሪ ያቀዘቅዟቸዋል። የነርቩ ውስጥ ይሞታል፣ ሽፋኑ ይተርፋል፣ በወራት መልሶ ያድጋል። ብርዱ በደንብ እስኪይዝ ግን የመጀመሪያውን ቀን በማደንዘዣ መርፌ መሸፈን አለብህ፤ ይቺን እንዳትረሳ።

በዚያው በ1987 አናንድና ሂኪ ጨቅላ ሕፃን ሳይቀር ሕመም እንደሚሰማው ጽፈው ነበር። እኔ ግን ከዚያም በኋላ ክፍል ውስጥ «ልጅ ቶሎ ይረሳል» ስል ኖሬያለሁ። ደብተራችሁ ላይ ካለ ሰርዙት።