ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ የያዙበት ዘመን



ብዙ ሥራ የሠራ ሰው ሁሉ ዋናውን ሥራ ሠርቷል ማለት አይደለም። የሚበልጠውን ከሚያንሰው ለይቶ ማስቀደም፣ ኑሮውን በሐሳብ ለሚመራም ሆነ ሕዝብን ለሚያስተዳድር ሰው ታላቅ ጥበብ ነው። ለዚህም ከታሪካችን አንድ ምሳሌ እናስታውስ።

በ1880 ዓ.ም. በሰሜን በኩል የገባው የከብት በሽታ አገሩን አዳረሰ። ከቀንድ ከብቱ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለም እህል የለም። ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበትና እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው መከራ «ክፉ ቀን» ተባለ።

ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑት በዚሁ መከራ መካከል፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነበር። ለአዲስ ንጉሠ ነገሥት አሳሳቢው ጉዳይ ብዙ ነው፤ ገና ያልጸና ግዛት አለ፤ ምጽዋን ይዞ ወደ ደጋው የሚገፋ ጣሊያን አለ። ነገር ግን ሠራዊትም መንግሥትም የሚቆሙት በእህል ነውና፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቆፈሩ። በዚያን ጊዜ መኳንንቱና ወታደሩ የአፈርን ሥራ ይንቁ ነበር፤ ጌታቸው ሲቆፍሩ እያዩ ግን መናቅ ለማን ይቻለዋል?

የንጉሡ ዶማ ብቻውን ረኃቡን አላጠፋም፤ ያለቀው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ሆኖም ከሁሉ አስቀድሞ ሊሠራ የሚገባው ምን እንደ ሆነ ከአዋጅ ይልቅ አስረድቷል።

እኛም ዛሬ ከፊታችን ከተከመረው መዝገብ፣ ከላይ የተገኘውን ሳይሆን የሰው እንጀራ የተያዘበትን አስቀድመን እናንሣ።