የነገሥታት መምህር ከባላገሮቹ ጉባኤ

በ4ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ወደ ግብፅ የአስቄጥስ በረሃ አንድ ሮማዊ መጣ። አርሳንዮስ ይባላል። የንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስን ሁለት ልጆች፣ ኋላ አንዱ የምሥራቁን፣ ሌላው የምዕራቡን የሮም ግዛት የወረሱትን አርቃዴዎስንና አኖሬዎስን ያስተማረ ሰው ነው። ላቲኑንም ጽርዑንም ጠንቅቆ የተማረ፣ በሐርና በሽቶ የኖረ።

የተቀበለው አባ ዮሐንስ ሐፂር ነበር ይባላል። መነኮሳቱ ለማዕድ ሲቀመጡ ዮሐንስ እንግዳውን ተቀመጥ አላለውም፤ እንዲሁ አቆመው። ማዕዱ እኩል ሲሆን አንድ ደረቅ ዳቦ አንሥቶ መሬት ላይ ወረወረለት። አርሳንዮስ፣ ይህ አባት ውሻነቴን ዐውቆ ነው እንደ ውሻ የሰጠኝ ብሎ አሰበና ድኾ ሄዶ ዳቦውን በአፉ አነሣ። ዮሐንስም ይህ ሰው መነኩሴ ይወጣዋል አለ።

አስቄጥስ ዛሬ ዋዲ ኤል ናትሩን የሚባለው፣ ከካይሮ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው ሸለቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ330 ገደማ በዚያ መኖር የጀመረው አባ መቃርስ ቀድሞ ናትሮን በግመል የሚጭን ነጋዴ ነበር። ተከትለውት የገቡትም አብዛኞቹ የአባይ ዳር ገበሬዎች ናቸው፤ ማንበብ የማይችል ሞልቷል። አርሳንዮስ ከእነዚህ አንዱን ሽማግሌ ስለ ገዛ ሐሳቡ ምክር ሲጠይቅ ያየው ሌላ መነኩሴ ተገረመ። ያን ሁሉ የተማርክ ሰው ይህን ባላገር ትጠይቃለህ? አርሳንዮስ የሮምንና የጽርዕን ትምህርት እንደሚያውቅ፣ የዚህን ባላገር ፊደል ግን ገና እንዳልቆጠረ መለሰለት።

ዝምታን የጠባይ ነገር አድርገን ማየት ይቀናናል። ዝም የሚል ሰው ዝምተኛ ሆኖ የተፈጠረ ይመስለናል። የአስቄጥስ አባቶች እንዲህ አላሰቡም። ለእነርሱ አርምሞ እንደ ማንኛውም ሙያ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጠው፣ እጅን እያሠሩ፣ ዓመታት የሚፈጁበት ትምህርት ነው። አርሳንዮስ ገና ቤተ መንግሥት ሳለ እንዴት እንደሚድን ሲጸልይ ከሰው ሽሽ የሚል ድምፅ መጣለት ይባላል። ሸሽቶ በረሃ ገብቶ ያንኑ ጸሎት ቢደግም የተጨመረለት ትእዛዝ ዝም በል፣ ጸጥ በል የሚል ነበር። መሸሹን በአንድ ጉዞ ጨረሰው። የቀሩት ሁለቱ ዕድሜውን በሙሉ ወሰዱ።

ትምህርቱ በተግባር ምን ይመስል ነበር? መነኩሴው ከሰኞ እስከ ዓርብ በበዓቱ ብቻውን ይቀመጣል፤ ቅዳሜና እሑድ ለቅዳሴና ለጋራ ማዕድ ይሰበሰባል። በበዓቱ የሰሌን ቅጠል ውኃ ውስጥ ነክሮ ገመድ ይገምዳል፣ ቅርጫት ይሠራል፤ ከአፉ ደግሞ በቃሉ ያጠናው መዝሙረ ዳዊት አይለይም። ቅርጫቱ ተሽጦ ዳቦ ይገዛበታል፤ የተረፈው ለድኻ ነው። አርሳንዮስ ሰሌኑን የሚነክርበትን ውኃ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይቀይር ነበር፤ ሲጎድል ይጨምርበታል እንጂ አይደፋውም። ሽታው ያስቸገራቸው አረጋውያን ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ በዓለም ሳለ ስላሸተተው ሽቶ ይህን ማሽተት እንደሚገባው ነገራቸው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ጀርባውን ሰጥቷት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ይቆማል። በማግሥቱ ፀሐይዋ ወጥታ ፊቱ ላይ ስታበራ ነው የሚቀመጠው።

አፍ ዝም ሲል ውስጥ ይንጫጫል። ይህን አባቶቹ ከማንም በላይ ያውቁታል። የቆየ ቂም፣ የጥንት ምኞት፣ ስለ ነገ መጨነቅ፣ ሁሉም ያን ጊዜ ይነሣል። ስለዚህ ጀማሪው የሚመላለስበትን ሐሳብ ሳይመርጥና ሳያሳምር ለአባቱ የመግለጥ ግዴታ ነበረበት። የእግዚአብሔርን ድምፅ ሰማሁ ብሎ የሚመጣውንም ቶሎ አያምኑትም። ኤልያስ በኮሬብ ዐውሎ ነፋሱንም፣ የምድር መናወጡንም፣ እሳቱንም አሳልፎ ከዚያ በኋላ በመጣው ቀጭን ድምፅ ነበር ፊቱን በመጎናጸፊያው የሸፈነው። የበረሃው ሽማግሌዎችም ጀማሪ የመጀመሪያውን ዐውሎ ነፋስ አምላክ ነው ብሎ እንዳይሰግድለት ይሰጋሉ።

አንድ ቀን አርሳንዮስ ሸንበቆ ካለበት ስፍራ ደረሰ። ነፋስ ያንሿሿዋል። ምንድን ነው የሚንሿሿው ብሎ ጠየቀ፤ ሸንበቆ ነው አሉት። በጽሙና የተቀመጠ ሰው የወፍ ድምፅ እንኳ ቢሰማ ልቡ የነበረውን ጸጥታ አያገኝም፤ ይህ ሁሉ ሸንበቆ እየተንሿሿባችሁማ እንዴት ትሆናላችሁ በሚል አኳኋን መለሰላቸው። በአዲስ አበባ ከንጋት ጀምሮ የአድባራቱ ድምፅ ማጉያ እርስ በርሱ ሲፎካከር ለሚሰማ ሰው ይህ ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን ማጉያዎቹን የሚያዙ አባቶች ስለ ሸንበቆው ቢያስቡበት አልጠላም።

አርሳንዮስ ለሰው የሚከብድ መነኩሴ እንደነበረ መደበቅ አይገባም። ሊቀ ጳጳሱ ቴዎፍሎስ ከሹም ጋር መጥቶ ቃል እንዲነግራቸው ቢለምነው፣ የምነግራችሁን ትጠብቃላችሁ ወይ አላቸው። አዎን ሲሉ፣ አርሳንዮስ አለ በተባለበት እንዳትቀርቡ ብሎ አሰናበታቸው። ባሕር ተሻግራ ከሮም የመጣች አንዲት ባለጸጋ እመቤትም በጸሎትህ አስበኝ ብትለው፣ መታሰቢያሽን ከልቤ እንዲያጠፋልኝ እጸልያለሁ አላት። ሴትዮዋ በኀዘን ታመመች፤ ቴዎፍሎስ ነው ያጽናናት። ቅዱስም ቢሆን ነገሩ ሻካራ ነው ብል የሚቆጣኝ አይኖርም።

በዚያው በአስቄጥስ ሙሴ ጸሊምም ይኖር ነበር። ባሪያ የነበረ፣ ኋላ የወንበዴዎች አለቃ፣ በመጨረሻ መነኩሴ። የጽርዕ መጻሕፍት ኢትዮጵያዊ ይሉታል፤ በዘመኑ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ እንዲህ ስለሚጠሩ አክሱማዊ ነው ብሎ መከራከር አያዋጣም። ምክር ለሚፈልግ ወንድም በበዓትህ ተቀመጥ፣ በዓትህ ሁሉን ታስተምርሃለች ያለው እርሱ ነው። በሩ ግን ለእንግዳ ክፍት ነበር። አንድ እንግዳ መነኩሴ መጀመሪያ ወደ አርሳንዮስ ሄደ፤ ተቀበለው፣ ጸለዩ፣ ከዚያ ተቀምጠው ቃል ሳይለዋወጡ ቀሩ። እንግዳው ደነገጠና ተነሣ። ቀጥሎ ወደ ሙሴ ቢሄድ በደስታ ተቀብሎ፣ አስተናግዶ ሸኘው። ታሪኩን የሰማ አንድ አባት፣ አንዱ ስለ ስምህ ሰውን ይሸሻል፣ ሌላው ስለ ስምህ ሰውን ያቅፋል፣ ይህ እንዴት ነው ብሎ ጸለየ። በወንዝ ላይ ሁለት ታንኳዎች ታዩት። በአንዷ አርሳንዮስና መንፈስ ቅዱስ በፍጹም ጸጥታ ይሄዳሉ፤ በሌላዋ ሙሴና መላእክት የማር እንጎቻ ይበላሉ። ስንክሳራችንም ሁለቱንም ያስባል፤ አርሳንዮስን ግንቦት 13፣ ሙሴን ሰኔ 24።

አስቄጥስን በ5ኛው መቶ ዘመን መባቻ የበረሃ ወራሪዎች አጠፉት። ሙሴ አልሸሽም ብሎ ከጥቂት ወንድሞች ጋር ተገደለ። አርሳንዮስ ሽማግሌነቱ ላይ ተሰደደ። በ410 ሮም ተዘርፋ ነበርና ዓለም ሮምን አጣ፣ መነኮሳትም አስቄጥስን አጡ ብሎ አለቀሰ።

የአስቄጥስ ትምህርት ግን መነኮሳቱ በያዙት ወሬ ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያ፣ ወደ ፋርስ ተሻገረ። በ7ኛው መቶ ዘመን ከዛሬዋ ኳታርና ከአካባቢዋ ጠረፍ፣ በሱርስት ቤተ ቀጥራዬ ከሚባለው አገር፣ ይስሐቅ የሚባል መነኩሴ ተነሣ። የነነዌ ጳጳስ አድርገው ቢሾሙት 5 ወር ቆይቶ መንበሩን ተወ። ሲተርኩ፣ አበዳሪና ባለዕዳ ሊዳኙ መጥተው እርሱ ወንጌልን ቢጠቅስ፣ አበዳሪው ወንጌሉን ለጊዜው ተወው አለው፤ ይስሐቅም ወንጌል ከሌለ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ ብሎ ወጣ ይላሉ። ወደ ኩዚስታን ተራሮች ገባ፤ በእርጅናው ዐይኑ ጠፋ። የጻፈው ስለ ጽሙና፣ ስለ እንባና ስለ ምሕረት ነው። እኛ ማር ይስሐቅ የምንለው መጽሐፍ ከሱርስት ወደ ጽርዕ፣ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ የደረሰው የእርሱ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት አራተኛው ጉባኤ መጻሕፍተ መነኮሳት ነው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ በአንድምታ ይተረጎሙበታል። ፊልክስዩስ ወንድሞች ስለ ግብፅ አባቶች ታሪክ የሚጠይቁበት፣ አባት የሚመልስበት መጽሐፍ ነው። ለመንቡጉ ጳጳስ ለፊልክስዩስ ቢሰጥም፣ ሊቃውንት እንደደረሱበት መሠረቱ ዳዲሾ የሚባል ሌላ የቤተ ቀጥራዬ መነኩሴ የጻፈው ትርጓሜ ነው። የአረጋዊ መንፈሳዊው ባለቤት የዳልያታው ዮሐንስም የዚያው የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነው። የእኛይቱ ቤተ ክርስቲያን በትምህርተ ክርስቶስ ንስጥሮሳዊ ብላ ከምታወግዛት ቤተ ክርስቲያን የወጡ ናቸው ሦስቱም። የዋልድባው መናኝ ቋርፉን በልቶ ወደ በዓቱ ሲመለስ ጽሙናን የሚማርባቸው መጻሕፍት ሁለቱ፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ለእንጀራ ከሚሰደዱበት ከዚያ የባሕረ ሰላጤ ጠረፍ በተነሡ ሰዎች የተጻፉ ናቸው።