የኤሌክትሮን ስፒን እንዴት የኃይል መለኪያ ሆነ

ጆርጅ ኡህለንቤክና ሳሙኤል ጎድስሚት እ.ኤ.አ. በ1925 ኤሌክትሮን «ስፒን» የሚባል፣ ኢምንት ማግኔት የሚያደርገው ውስጣዊ ሽክርክሪት እንዳለው ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ የሐሳባቸው መነሻ የአቶሞች ብርሃን ነበር። ስፒን የቅንጣት አፋጣኝ መሣሪያዎችም ጉዳይ የሆነው ኋላ ላይ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሶቪየት ኅብረት ፊዚሲስቶች አርሰኒ ሶኮሎቭና ኢጎር ቴርኖቭ፣ በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ በክብ የሚዞሩ ኤሌክትሮኖች የሚያመነጩት ጨረራ በየአቅጣጫው የተበተነውን ስፒናቸውን ቀስ በቀስ እንደሚያሰልፈው፣ ሰልፉም እንከን በሌለው የአፋጣኝ ቀለበት ውስጥ እስከ 92.4 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ስፒናቸው እንዲህ የተሰለፈ ቅንጣቶች ጅረት «ፖላራይዝድ» ይባላል።

ያዘነበለ ስፒን፣ እንደሚሾር እንዝርት፣ ዘንጉ ራሱ በመግነጢሳዊ መስኩ አቅጣጫ ዙሪያ ይዞራል፤ ኤሌክትሮኑ ቀለበቱን አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር የስፒኑ ዘንግ የሚዞረው ብዛትም የኤሌክትሮኑ ኃይል በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ተሰልቶ ለ440.65 ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር ጋር እኩል ነው። የኖቮሲቢርስክ ፊዚሲስቶች በ1970ዎቹ ይህን ዝምድና ወደ መለኪያ ለወጡት፤ ደካማና ተለዋዋጭ መግነጢሳዊ መስክ በጅረቱ ላይ እያሳረፉ ፍሪኩዌንሲውን ቀስ በቀስ ሲቀይሩት፣ ከስፒኑ ዙረት ጋር በገጠመበት ቅጽበት ሰልፉ ስለሚፈርስ፣ ያ ፍሪኩዌንሲ የጅረቱን ኃይል በቀጥታ ይነግራቸው ነበር።

ዘዴው ከፍተኛ ክብሩን ያገኘው በጄኔቫ አቅራቢያ፣ በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን፣ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያ ባለውና በ1989 ሥራ በጀመረው ሌፕ በተባለው የኤሌክትሮንና የፖዚትሮን ማጋጫ ነው። በዚያ የስፒኑ ሰልፍ የሚታወቀው በሌዘር ነበር፤ ክብ ፖላራይዜሽን ያለው ብርሃን ከጅረቱ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ፣ የፎቶኖቹ ስርጭት እንደ ስፒኑ አቅጣጫ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ፈቀቅ ይላል። የጅረቱ የስፒን ሰልፍ በ1990 ከታየ በኋላ፣ በ1991 የጅረቱ ኃይል ከ1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ባነሰ ስህተት ሊለካ ቻለ።

ይህ ጥራት ከዚያ በፊት ያልተጠረጠሩ ነገሮችን አጋለጠ። በ1992 የተደረገው ሙከራ የጨረቃና የፀሐይ ስበት የምድርን ቅርፊት እያነሣና እያወረደ የቀለበቱን ዙሪያ በ1 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚለውጠው፣ የጅረቱም ኃይል አብሮት እንደሚለዋወጥ አረጋገጠ፤ በ1995 ደግሞ ከኤሌክትሪክ ባቡሮች ሐዲድ ወደ መሬት የሚያፈተልክ ኮረንቲ በመሣሪያው ቱቦ እያለፈ ማግኔቶቹን እንደሚያውክ ታወቀ። እነዚህ ለውጦች እየተሰሉ በመታረማቸው፣ በሌፕ ግጭቶች የሚፈጠረው የዜድ ቅንጣት ክብደት 91.1875 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት መሆኑ ከ40,000 እጅ አንድ እጅ በማይሞላ ስህተት ሊታወቅ በቃ። በቀላሉ የሚፈርሰው የስፒን ሰልፍ ለፊዚክስ ይህን ያህል የጠቀመው በመጽናቱ ብቻ ሳይሆን፣ የሚፈርስበት ነጥብ በትክክል ሊታወቅ በመቻሉ ጭምር ነው።