ጉግስና ቦክስ፦ የተጋጣሚ ትምህርት

በአገራችን የጦር ትምህርት በጦር ሰፈር ብቻ የተሰጠበት ዘመን አልነበረም። ወጣቱ መመከትን፣ መወርወርንና መሸሽን ሳይቀር የተማረው በጨዋታ ሜዳ ነው። ትግልና ገና የእግረኛው፣ ጉግስ ደግሞ የፈረሰኛው ትምህርት ቤት ነበሩ። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ አሉላ «አባ ነጋ» ተብለው በፈረስ ስም መጠራታቸው ፈረሰኛነት በኅብረተሰቡ ዘንድ ምን ያህል ክብር እንደነበረው ያስረዳል።

ይህ ትምህርት ዛሬም ሕያው ሆኖ ከሚገኝባቸው ሥፍራዎች አንዱ የአዊ ምድር ነው። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በተዘረጋው ደጋ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ጭነት ይሸከማል፣ በአንዳንድ ሥፍራም ሞፈር ይስባል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የፋሺስት ጦር ገና ከአገር ባልወጣበት፣ የጎጃም አርበኞችም በዱር በገደል በሚዋደቁበት ወቅት ነበር። ማኅበሩ በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሲያከብር በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። በሜዳውም ስግሪያ፣ ሸርጥና ጉግስ ይታያሉ።

ከሦስቱ ይልቅ ለውጊያ ቅርብ የሆነው ጉግስ ነው። ፈረሰኞች በሁለት ወገን ተከፍለው አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፤ ሸሺው በግልቢያ ላይ እንዳለ ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ቀጥሎ ሚናው ይገለበጣል። ጦሩ በዘንግ ተተክቷል፤ የተጋጣሚው ፈቃድ ግን አልተለወጠም። ዘንጉ መቼና ከየት እንደሚመጣ ለሸሺው የሚነግረው የለም።

የሌላው ዓለም ታሪክም ወደዚሁ ብልሃት ያደርሳል። በጃፓን የጁጁትሱ ትምህርት ቤቶች ብዙውን ስልት ያስተላለፉት አስቀድሞ በተወሰነ የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል ነበር። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ኮዶካንን ሲያቋቁም አደገኛውን ምት ለቅርጽ ልምምድ ትቶ፣ መጣልንና መያዝን በእውነተኛ ትንቅንቅ ውስጥ አስገባ። ጁዶ የተወለደው ከዚህ ነው። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣው የኩዊንስበሪ ደንብ ጓንትንና የ3 ደቂቃ ዙርን ለቦክስ ደነገገ። መሣሪያው ሲለዝብ ተጋጣሚው ሙሉ ኃይሉን መጠቀም ይችላል፤ ሠልጣኙም ሳይሞት ደጋግሞ ይሸነፋል፣ ከሽንፈቱም ይማራል። ዘንግና ጓንት አንድ ዓላማ አላቸው ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከግጥሚያው ውጭ ነው። የቦክስ ክለብ ሠልጣኙን በክብደት ይመድባል፣ በሰዓት ያሠራል፣ ስሕተቱን በየቀኑ ያርማል። ፈረስ የሌለው ቤተሰብ ልጅም በሩን አንኳኩቶ ሊገባ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ሴቶችም በኦሎምፒክ ቦክስ ይወዳደራሉ። ይህ ሊናቅ የማይገባው ብርታቱ ነው። የጉግስ ሠልጣኝ ግን ሁለት አካል ነው፤ ሰውና ፈረስ። አሠልጣኙ አባቱና ጎረቤቱ ናቸው። ያገኘው ክህሎትም ለራሱ ብቻ አይቀርም፤ በሠርግ ሙሽራ ያጅብበታል፣ በለቅሶ ሟቹን ያከብርበታል። ቦክሰኛው ከክለቡ ሲወጣ ጓንቱን ይሰቅላል፤ ፈረሰኛው ግን ከሜዳ ሲመለስም ፈረሰኛ ነው።

እንግዲህ ጉግስ በሁለት ወገን ሊጠፋ ይችላል። በዓመት አንድ ቀን ለእንግዳ ዓይን የሚቀርብ ትርኢት ብቻ ከሆነ ተጋጣሚው ይጠፋል፤ ቀሪውም ያማረ ቅርጽ ነው። ለሜዳሊያና ለነጥብ ብቻ የሚሮጥ ውድድር ከሆነ ደግሞ ሠርጉና ለቅሶው፣ ማኅበሩም ይጠፋል። ስለዚህ ከክለቡ ሊወሰድ የሚገባው የዘወትር ልምምዱና ለሁሉም ክፍት የሆነው በሩ ነው። መምህሩ የአዛውንቱን ስልት ከቃል ወደ ጽሑፍ ያውርድ፤ የጥበብ ሰውም ከልብሱና ከእርካቡ ጌጥ አልፎ የዘንጉን አመጣጥና የጋሻውን አመካከት ይመልከት። ቅርሱ የሚኖረው ከጥር 23 በኋላ ባሉት ቀናት፣ ሁለት ወጣቶች ያለ ተመልካች በአንድ መስክ ላይ ሲሳደዱ ነው።